ደቦው የማን ነው?

አንድ መንደር ነበረ። ከመንደሩ በታች ወንዝ ይወርዳል፤ ከወንዙ ዳር እስከ ኮረብታው ግርጌ ድረስ ደግሞ የመንደሩ ሰዎች ማሳ ተዘርግቷል። መሬቱ ጥቁርና ለም ነው። ባቄላ ቢዘሩበት ይሰጣል፣ ድንች ቢተክሉበት ይሰጣል፣ ነጭ ሽንኩርቱም ከሩቅ ይሸታል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ሰው ማሳ በጣም ጠባብ ስለነበር፣ ገበሬው በሬዎቹን አዙሮ ለማረስ እንኳ የጎረቤቱን ድንበር መርገጥ ነበረበት። በዚህ የተነሳ የመንደሩ ሰዎች ከዝናብ ይልቅ ስለ ድንበር ያወሩ ነበር።

ምርት ሲደርስ አንድ ነጋዴ በአይሱዙ መኪና ይመጣል። ነጋዴው ክፉ ሰው አይመስልም። ይስቃል፣ የልጆችን ራስ ይዳብሳል፣ የታመመም ካለ ይጠይቃል። ግን በየቤቱ እየገባ የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው።

«ጎረቤትህ እኮ ከዚህ ባነሰ ሰጠኝ» ይላል።

ገበሬው ጎረቤቱን በልቡ ይረግምና ዋጋውን ይቀንሳል። ነጋዴውም ወደዚያው ጎረቤት ቤት ይሻገርና ያንኑ ቃል ይደግማል። እንዲህ እየሆነ ምርቱ በርካሽ ይሄዳል፤ መንደሩም እርስ በርሱ እንደተቀያየመ ዓመቱ ያልቃል።

ከማሳዎቹ ሁሉ በታች፣ ከወንዙ ዳር፣ አንጓች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። በሬዎቻቸው በባሏ ሕመም ጊዜ ተሸጠዋል። ስለዚህ ማሳዋ ጦም አድሮ አረም ለብሶ ነበር። ነጋዴው ይህን አይቶ «መሬቱን ለእኔ አከራዪኝ፤ አንቺም በቀን ሥራ ትገቢበታለሽ» አላት። አንጓች እስከ ክረምት መግቢያ እንዲታገሣት ለመነችው። በገዛ መሬቷ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆና መዋልን አልፈለገችም።

የቀራት ሀብት አንድ ነበር። ጓዳዋ ውስጥ ባለ ማድጋ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ትልልቁን ፍሬ እየለቀመ ያስቀመጠው የባቄላ ዘር አለ። ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ አሽተውታል። በዚያ አገር ሰው ምንም ቢርበው በአመድ የታሸ እህል አይነካም፤ እሱ የዛሬ ሳይሆን የነገ ነውና።

አንድ ቀን አያ ይታይህ የሚባሉ ሽማግሌ የመንደሩን ሰው አውድማ ላይ ሰበሰቡ።

«ድንበሩን እናፍርሰው» አሉ።

«አያ፣ አባቴ ያቆሙትን ድንጋይ?» አለ ዘገየ። ስሙ ዘገየ ይሁን እንጂ በዚያ መንደር ለሥራም ለቀልድም የሚቀድመው አልነበረም።

«ድንጋዩን አትጣለው፤ ከወንዙ ለምናወጣው የውሃ ቦይ ያስፈልገናል። ማሳችንን አንድ እናድርገው ነው የምላችሁ። አብረን እንረስ፣ አብረን እንዝራ፣ በአንድ አፍ እንሽጥ። ነጋዴው ‘ጎረቤትህ ባነሰ ሰጠኝ’ ሲለን፣ ‘ጎረቤቴም እኔው ነኝ’ እንበለው።»

ሰዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ወደ አያ ይታይህ ተጠጉ። አያ ይታይህ በዱላቸው አቧራው ላይ መስመር አሰመሩ። ከላይ ድንች፣ ከመካከል ነጭ ሽንኩርት፣ ከታች ወንዙ ዳር ባቄላ እንዲሆን ተስማሙ። በሬ ያለው በሬውን፣ በሬ የሌለው ጉልበቱን እንዲያመጣም ተባለ።

«በሬም ጉልበትም የሌለው እንደኔ ያለውስ?» ብለው ጠየቁ እማማ ዘነቡ። በመንደሩ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ ባልቴት ናቸው።

«እርስዎ ምርቃት ያመጣሉ» አለ ዘገየ።

«ምርቃቱንማ ከልጅነትህ ጀምሮ በነጻ ስሰጥህ ኖሬያለሁ። ዛሬ ገና ሥራ ሆኖ ተቆጠረልኝ?»

ሁሉም ሳቀ። አንጓች ከኋላ ተቀምጣ ነበር። በሰው ፊት መናገር አትችልም፤ አፏን ልትከፍት ስታስብ ቃሉ ይጠፋባታል። የአያ ይታይህ ዱላ ግን አቧራው ላይ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ በእሷ ማሳ ላይ ሳይቆም አለፈ። «የአንጓች በሬስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ማሳዋ ከሰው ማሳ ጋር አንድ ሆነ። አንጓች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«እንግዲህ የፊታችን ማክሰኞ ደቦ ነው» ተባለና ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ምክሩ ጥሩ ነበር። ግን አንድ ነገር ረስተዋል። የረሱትም ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ በእነሱ አገር ይህን ነገር የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው። ደቦ የሚጠራ ሰው የሚሠሩለትን ሁሉ ያበላል። የተጠራው ሰው ጉልበቱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ወደ ደቦ ስንቅ ቋጥሮ መሄድ የጠሪውን ቤት እንደ መናቅ ይቆጠራል። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ማንም ስንቅ አልያዘም። ማንም ደግሞ ድስት አልጣደም፤ ማንም ደቦውን የጠራሁት እኔ ነኝ ብሎ አላሰበምና።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ማሳው በሰውና በበሬ ሞላ። ድንበሮቹን አፈረሱ። ድንጋዩን በአንድ ቦታ ከመሩት። ጦም ያደረውን የአንጓችን ማሳ ከሁሉ አስቀድመው አረሱላት። ዘገየ እየዘፈነ ያርሳል፤ ሌላው ይቀበለዋል። አንጓችም ከኋላ ኋላቸው እየተከተለች አረሙን ትለቅማለች። እንዲህ የደስ ደስ ያለው ቀን ባሏ ከሞተ ወዲህ አይታ አታውቅም።

ረፋድ ላይ ቀና ብላ ወደ መንደሩ ተመለከተች። አንጓች እሳት ሲጠፋባት ፍም የምትጭረው ከጎረቤት ስለሆነ፣ ከየትኛው ቤት ጭስ እንደሚወጣ የማየት ልማድ አላት። በደቦ ቀን የጠሪው ቤት ከሩቅ ይታወቃል፤ ጭሱ ከጠዋት ጀምሮ ጣራውን ሸፍኖ ይውላል። ያን ቀን ግን ከአንድም ቤት ጭስ አይወጣም ነበር።

ልቧ ደነገጠ። ለማን ትንገር? ሁለት ጊዜ ወደ አያ ይታይህ ተጠጋች፤ ሁለቱንም ጊዜ አፍራ ተመለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ከሰው መካከል ወጣችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤቷ ውስጥ ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ ዱቄት አልነበረም። ማድጋው ግን ነበረ። ከፈተችው። መልሳ ከደነችው። አጠገቡ ተቀምጣ አሰበች።

«ዛሬ ተርበው ከተበተኑ ነገ አይመለሱም። ካልተመለሱ የጋራው ማሳ ይቀራል። እሱ ከቀረ የእኔንም ማሳ ነጋዴው ይወስደዋል። ያን ጊዜ ይህን ዘር የት ልዘራው ነው?»

ተነሥታ እሳቱን አነደደች። ባቄላውን እየዘገነች አጠበችው። አመዱ ከውሃው ጋር እየደፈረሰ ሲወርድ፣ ባሏ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አንድ አንድ ፍሬ እያነሣ «ይቺ ለዘር፣ ይቺ ለሆድ» ሲል ትዝ አላት። እንባዋ መጣ። ቢሆንም እጇን አላቆመችም። ከችኮላዋ የተነሣ ደህና አድርጋ እንኳ አላጠበችውም፤ ጨው ጨምራ ጣደችው።

በማሳው ላይ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ዘገየ በሬዎቹን አቁሞ ላቡን ጠረገ።

«አያ ይታይህ፣ ምሳው ደረሰ ወይስ ጓሉን እየቆረስን እንጉረስ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ?» አሉ አያ ይታይህ ደንግጠው። «እኔ ሐሳቡን ነው ያመጣሁት።»

«ሐሳብማ በባዶ ሆድ አይዋጥም! ታዲያ ደቦው የማን ነው?»

«የሁላችን ነዋ።»

«የሁላችን ከሆነ ድስቱን የጣደው ማነው?»

ሰዎቹ ተያዩ።

«እኔ ተጠርቼ ነው የመጣሁት» አለ አንዱ።

«እኔም ተጠርቼ ነው» አለ ሌላው።

«እኮ ማን ጠራህ?» ሲባል ግን መልስ ያለው ሰው ጠፋ። ሁሉም የመጣው እንግዳ ሆኖ ነበር።

በመጀመሪያ ሳቁ። ረሃቡ ሲጠና ግን ሳቁ ወደ ነገር ተለወጠ። «ማብላት የነበረበት ሐሳቡን ያመጣው ነው» አሉ አንዳንዶቹ። «የለም፣ ሰፊ መሬት ያለው ያብላ እንጂ!» አሉ ሌሎቹ። «ደግሞ የመሬት ስፋት ተነሣ? ድንበሩን ያፈረስነው ለዚህ ነው?» እያሉ መጯጯህ ጀመሩ። አንዱ ሞፈሩን ተሸክሞ መንገድ ጀመረ። ሌላው ደግሞ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄዶ የአባቱን የድንበር ድንጋይ ይፈልግ ገባ።

በዚህ ጊዜ ነጋዴው በመንገዱ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ አይሱዙውን አቆመ። የሆነውን ሲነግሩት ከት ብሎ ሳቀ።

«ጠሪ የሌለው ደቦ ዛሬ ገና አየሁ! በሉ አይዟችሁ፣ መኪናው ላይ ዳቦ በጆንያ አለ። እኔ ላብላችሁ።» ከዚያ ማሳውን ዞር ብሎ አየና ጨመረ። «ግን ያበላ ሰው ባለ ደቦ ነው፤ ወጋችሁ እንደዚያ አይደል? ስለዚህ ማሳውን እኔ ልያዘው። ዘሩንም እኔ አመጣለሁ። እናንተ ሥሩልኝ እንጂ የቀን አበላችሁን አላስቀርባችሁም።»

«እሺ» ያለ ሰው አልነበረም። ክፋቱ፣ «እንቢ» ያለም አልነበረም። ሁሉም ጆንያውን ያያል። ዘገየ እንኳ ቀልድ አጥቶ ምራቁን ዋጠ።

«ቆዩ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አንጓች በትልቅ ሰፌድ ንፍሮ ተሸክማ ቆማለች። ንፍሮው ይተናል። ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር ከፊት ያሉት ብቻ ሰሟት። ደግማ ተናገረች።

«ቆዩ። ምሳ ደርሷል።»

«የማን ምሳ ነው?» አለ ነጋዴው።

«የባለ ደቦዋ።»

«ባለ ደቦዋ ማናት?»

አንጓች ሰፌዱን ሣሩ ላይ አስቀምጣ «እኔ ነኝ» አለች። «ደቦው የእኔ ነው።»

ያን ጊዜ ሰዎቹ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። እጃቸውን ወንዙ ላይ ታጥበው በሰፌዱ ዙሪያ ተቀመጡ። ሞፈር ተሸክሞ የሄደውም ከመንገድ ተመለሰ። አንጓች ወደ ነጋዴው ዞራ «አንተም ና ቅመስ እንጂ፤ ከደቦ ላይ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም» አለችው። ነጋዴው አፈረ፤ ግን ተቀመጠ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ አንጓች» አለ ዘገየ ሁለት እፍኝ ከጎረሰ በኋላ ቀልዱ ተመልሶለት። «ግን ይሄ ንፍሮ ጥርሴን እየፈተነው ነው። ምድጃውንም አብረሽ ቀቀልሽው እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። አንጓች አንገቷን ደፋች። እማማ ዘነቡ ግን አልሳቁም። አንዲት ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት። ፍሬዋ ትልቅ ናት። እጥፋቷ ውስጥ ግራጫ ነገር ተጣብቋል።

«ዝም በል ዘገየ» አሉ። «ይሄ የምድጃ አመድ አይደለም። የዘር አመድ ነው።»

እጆች ሁሉ ባሉበት ቆሙ። የጎረሰው ማኘክ አቃተው።

«አንጓች፣ ልጄ» አሉ አያ ይታይህ ቀስ ብለው፤ «ዘርሽን ነው ያበላሽን?»

«ዘር ነበረ» አለች አንጓች መሬት መሬት እያየች። «አሁን ምሳ ሆኗል። ብሉ፣ ይቀዘቅዛል።»

«አንቺስ ምን ልትዘሪ ነው?»

አንጓች ቀና አለች። ከዚያ በሕይወቷ በሰው ፊት ተናግራው የማታውቀውን ያህል ተናገረች።

«ጠዋት የእኔን ማሳ ከሁሉ አስቀድማችሁ አረሳችሁልኝ። በሬ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ዘሬን ይዤ በማሳዬ ላይ ብቻዬን ከምቆም፣ ዘር አጥቼ ከእናንተ ጋር ብቆም ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ዘገየ እጁ ላይ የቀረችውን አንዲት ፍሬ ሊጎርሳት አልቻለም። የተቀቀለች እንደማትበቅል እያወቀ ኪሱ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ በሬዎቹ ሄደና ቀንበሩን አነሣ።

«ወዴት ነው?» አሉት።

«ወደ ደቦዬ።»

«የማን ደቦ?»

«የእኔ ነዋ!» አለ ጮክ ብሎ።

የአባቱን ድንጋይ ይፈልግ የነበረው ሰውም ድንጋዩን አግኝቶት ነበር። ተሸክሞት ወደ ወንዙ ወረደና የውሃው ቦይ መጀመሪያ ላይ አስቀመጠው። ነጋዴው እጁን ጠረገ፣ አመስግኖ ወደ መኪናው ወጣ። የበላበትን ማሳ ልያዘው ብሎ ለመናገር ሁለተኛ አፍ አልነበረውም። ሰዎቹ ፀሐይ እስክትጠልቅ አረሱ።

በማግስቱ ጠዋት አንጓች በሯን ከፍታ ወደ መንደሩ አየች። ከሁሉም ቤት ጭስ ይወጣል። ጭስ የሌለበት አንድም ጣራ የለም።

ያን ቀን በማሳው ላይ የሆነውን ቢያዩት ያስቃል። እያንዳንዱ ቤት ባለ ደቦው እኔ ነኝ ብሎ ለመንደሩ ሁሉ የሚበቃ ምግብ ይዞ መጥቷል። የገብስ ቂጣው፣ ሽሮው፣ ድንች ወጡ፣ ቆሎው ሣሩ ላይ ተደርድሮ ማለቂያ አጣ። «ትናንት በረሃብ፣ ዛሬ ደግሞ በጥጋብ ልትገድሉን ነው» አሉ እማማ ዘነቡ። ምግቡን ካቀረቡ በኋላ ደግሞ ከየነጠላው ጫፍ፣ ከየኪሱ፣ በአመድ የታሸ የባቄላ ዘር ወጣ። የአንጓችን ባዶ ማድጋ ከቤቷ አስመጥተው ሁሉም እሱ ውስጥ ጨመሩ። ማድጋው ሞልቶ ፈሰሰ። ዘሩ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው ፍሬ ከየትኛው ቤት እንደመጣ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም። እንደዚያው ተቀላቅሎ ተዘራ።

ምርቱ ሲደርስ ነጋዴው መጣ። እንደ ልማዱ «ጎረቤ...» ብሎ ጀመረና ዙሪያውን አየ። ሁሉም በአንድ ክምር ዙሪያ ቆሟል።

«ጨርሰው እንጂ» አሉት እማማ ዘነቡ፤ «ጎረቤታችን ምን አለህ?»

ነጋዴው ራሱ ሳቀ። የሚዋሽበት ጎረቤት አጥቶ ተገቢውን ዋጋ ከፈለ። እሱም አልተጎዳም፤ በየቤቱ መዞሩ ቀርቶለት ከአንድ ቦታ ጭኖ ሄደ።

አንጓች ዛሬም በወንዙ ዳር ትኖራለች። በየዓመቱ ከዘር በፊት መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ በአመድ ከታሸው ባቄላ ጥቂት ቀቅሎ ይበላል። ሆን ብለው ደህና አድርገው አያጥቡትም። ልጆች «ለምን ጥርስ ይፈትናል?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ያበላችንን እንዳንረሳ ነው» ይሏቸዋል። በዚያ መንደር አንድ እንግዳ መጥቶ «ይህ ደቦ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ «የሁላችን ነው» የሚል ሰው አያገኝም። የተጠየቀው ሰው ሁሉ «የእኔ ነው» ይለዋል።

«የሁላችን» ጥሩ ቃል ናት፤ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላዋ ማንም የለም። የጋራ ነገር የሚቆመው እያንዳንዱ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ እሳት ሲያነድ ነው። የዚያ መንደር ሰዎች አንጓችን «እግዜር ይስጥሽ» ብለዋት ወደየቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን በሬያቸውን መልሰው ጠመዱ። አንጓችም ብትሆን ዘሯን የቀቀለችው በሬ አለሽ ወይ ሳይሏት ማሳዋን ስላረሱላት ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማን ለማን ውለታ እንደዋለ መለየት አይቻልም፤ እንደ ማድጋው ዘር ተቀላቅሏል።

እኛም በቤታችን፣ በትምህርት ቤታችን፣ በዕድራችን የጋራ ማሳ አለን። ብዙ ጊዜ ተጠርተን የመጣን ይመስለናል። ዛሬ ቀና ብለን እንይ፤ ጭሱን የምንጠብቀው ከማን ቤት ነው?